ለ3ኛ ክፍል ልጅ ቤት ውስጥ ባለ እቃ በእጁ የሚሰራው ነገር ንገሩኝ እስቲ (ደሴ)

የሆጤዋ እናት

ሰላም ለዚህ ቤት። ያለነው ደሴ ሆጤ አካባቢ ነው፣ ትልቁ ልጄ 3ኛን ጨርሶ 4ኛ ሊገባ ነው፣ ትንሿ ደግሞ በመስከረም 1ኛ ክፍል ትጀምራለች። የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ ከምሳ በኋላ ወይ ዝናብ ነው ወይ ጉም ነው፣ ውጪ ወጥተው አይጫወቱ፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ያለው መጫወቻ የኔ ስልክ ነው፣ እሱን ይዘው ቲክቶክ ሲያገላብጡ ይመሻል፣ ስቀማቸው ለቅሶ። እና በእጃቸው የሚሰሩት ሆኖ ትንሽም ብትሆን ትምህርት ያለበት ነገር ፈልጌ ኢንተርኔት ላይ ገባሁ፣ የሚመጣው ግን ሁሉም የፈረንጅ ነው፣ ባለቀለም እንጨት፣ የሚያብረቀርቅ ሙጫ፣ ስሙን እንኳ የማላውቀው ወረቀት ምናምን። ፒያሳ የጽህፈት መሳሪያ ቤቶቹ ጋ ጠይቄ ግማሹ የለም፣ ያለውም ዋጋው አስቤዛ ያስቀራል።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ ተከራይ ነን፣ ግቢው የጋራ ነው፣ ጭቃ ከተቦካበት ከአከራያችን ጋር መጣላታችን ነው። ሁለተኛ ትምህርት ቤት "ሞዴል ሰርታችሁ ኑ" ሲባል የሚሰራው ወላጅ ነው እኮ! አምና የልጄ ክፍል ኤግዚቢሽን ላይ የቀረበውን ብታዩት አናጢ የሰራው ነው የሚመስለው፣ አንዱማ ከፍሎ አሰርቶ ነው የመጣው፣ የኔው ልጅ በራሱ እጅ የሰራትን የተንጋደደች የካርቶን ቤት ይዞ ጥግ ላይ ቆመ፣ ማርክ ያገኙት እነዛ ናቸው። ዘንድሮ እሱ ራሱ የሚሰራው ግን አይተው የማይንቁት ነገር እፈልጋለሁ። በዛ ላይ ማባዛት ይከብደዋል፣ የ6 እና የ7 ላይ ሲደርስ ጣቱን መቁጠር ይጀምራል። እስቲ የምታውቁትን ወዲህ በሉ በናታችሁ

ቲቸር ከኮምቦልቻ

እህቴ አብሽሪ፣ የምትፈልጊው ሁሉ ሱቅ ደጃፍ ተጥሎ ነው ያለው። ከታችኛው ክፍል ልጆች ጋር ነው የምውለው፣ የምጠቀምበትን ልንገርሽ።

ማባዛቱን በእንቁላል ትሪ ጀምሪ። ያ 30 እንቁላል የሚይዘው የወረቀት ትሪ 5 በ6 ነው አይደል፣ ልጁ ቆርኪ ይሰብስብ፣ ለስላሳ ቤት ብትጠይቂ በፌስታል ሞልተው ይሰጡሻል፣ በደንብ ይታጠብ ብቻ። "3 ረድፍ፣ በየረድፉ 4" ብለሽ ይደርድር፣ ይቁጠረው፣ 12። ከዛ ምንም ሳይነካ ትሪውን ብቻ ያዙረው፣ አሁን 4 ረድፍ በየረድፉ 3 ሆነ፣ ቆርኪው ግን ያው ነው። 3 ሲባዛ በ4 እና 4 ሲባዛ በ3 አንድ መሆኑን ነግረሽው የማይገባው ልጅ ትሪ ሲያዞር ይገባዋል፣ በግማሽ ልብ የሚሸመድደውም ሠንጠረዥ ለግማሽ ይቀንስለታል።

አሁን ወደምትፈሪው 6 እና 7 እንምጣ። ሁለት ትሪ ጎን ለጎን ስትገጥሚ 10 ረድፍ በ6 ይሆንልሻል። 7 በ6 ደርድር በይው። 5ቱ ረድፍ አንደኛውን ትሪ ሙሉ ያደርጋል፣ 2ቱ ረድፍ ሁለተኛው ትሪ ላይ ይቀራል። የሞላው ትሪ 30 መሆኑን ያውቃል፣ የተረፈው 12፣ ስለዚ 42። የትሪዎቹ መጋጠሚያ ራሱ ይከፍለዋል፣ አንቺ ምንም ማለት የለብሽም፣ ዝም ብለሽ እይው። አራት ትሪ ካገኘሽ ደግሞ 10 በ12 ነው፣ እስከ 10 በ10 ያለው ሠንጠረዥ በሙሉ እዛ ውስጥ ያልቃል።

ከአንዱ ትሪ ሁለት ረድፍ ቆርጣችሁ ስታወጡ ደግሞ 12 ጉድጓድ ያለው ገበጣ ተሰራ ማለት ነው፣ በየጉድጓዱ 4 4 ጠጠር፣ 48። ለትንሿ ከዚህ የበለጠ የመቁጠር ትምህርት የለም፣ ለመሸነፍ ስለማትፈልግ ጠጠሩን ሳታነሳ በአይኗ ቆጥራ የት እንደሚያልቅ ማስላት ትጀምራለች። አጨዋወቱን አያቷ ይንገሯት፣ ሰፈር ለሰፈር ስለሚለያይ እኔ ብነግርሽ ሌላ ጭቅጭቅ ነው 😀

ሌላው የዝናብ መለኪያ ነው፣ ለክረምት ደሴ ላይ ከዚህ የሚስማማ የለም። ሸንተረር የሌለው ቀጥ ያለ ሀይላንድ ፈልጊ፣ አንገቱ ካለቀበት በታች አንቺ ቁረጪለት፣ የተቆረጠውን ራስ ክዳኑን አውጥታችሁ ገልብጣችሁ እንደ ማጥለያ መልሳችሁ ክተቱት። የሀይላንድ ቂጥ ጎርባጣ ስለሆነ ከስር ጠጠር ይጨመርና ጎኑ ቀጥ ከሚልበት ቦታ እስኪደርስ ውሃ ይሞላ፣ እዛ ጋ ዜሮ ይጻፍ። ከዜሮ ወደ ላይ ፕላስተር ይለጠፍና በማስመሪያ ሚሊ ሜትሩ ይሰመርበት። ከቤት ጣሪያና ከዛፍ ራቅ አድርጎ ያስቀምጠው፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ያንብብ፣ ደብተሩ ላይ ይጻፍ፣ መልሶ እስከ ዜሮ ያድርሰው። 1 ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው፣ ይሄን ስትነግሪው የግቢያችሁን ስፋት ለክቶ ስንት ጀሪካን እንደወረደ ልስራ ይልሻል። ይሄው ማባዛት መጣ።

ኡሙ ሐያት

ማሻአላህ ቲቸር የትሪውን ወድጄዋለሁ፣ ዛሬውኑ እሞክራለሁ ኢንሻአላህ

እኔ ደግሞ የእርዷን ልንገርሽ የሆጤዋ። የወጥ እርድ ነጭ ልብስ ላይ ሲፈስ በሳሙና ስታጥቢው ቀይ የሚሆነውን አይተሽ አታውቂም? ሴት ሁሉ ያውቀዋል ግን ልጆቹ አላዩትም። አንድ ማንኪያ እርድ በትንሽ አልኮል ትበጠብጪዋለሽ (ፋርማሲ የሚሸጠውን፣ ከእሳት ይራቅ፣ መበጥበጡ ያንቺ ስራ ይሁን)፣ ሲረጋ ከላይ ያለውን ቢጫ ውሃ ነጭ ወረቀት ላይ በጥጥ ትቀቢና ይደርቃል። ከዛ ልጆቹ የሳሙና ውሃ በጥጥ ነክረው ይሳሉበት። ቡን ብሎ ቀይ ይሆናል ወላሂ፣ የኔዎቹ ጮኹ! ከዛ ሎሚ ጠብ አድርጊበት፣ ተመልሶ ቢጫ። አመድ የተዘፈዘፈበት ውሃም ቀይ ያደርገዋል፣ ኮምጣጤ አያደርገውም። ቤቱ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ሁሉ እየዞሩ ሲሞክሩ ይውላሉ፣ የትኛው ቀይ አደረገ የትኛው አላደረገም ብለው በሁለት ረድፍ ይጻፉት። ትልልቆቹ አሲድ ቤዝ ይሉታል፣ ለነሱ "የሳሙና ወገን" እና "የሎሚ ወገን" ይበቃቸዋል።

የሚስጥር ደብዳቤም አለ፣ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጠው ነጭ ወረቀት ላይ በጥጥ ይጽፉና ይደርቃል፣ ምንም አይታይም፣ የእርዱን ውሃ ስትቀቢበት ጽሁፉ ቀይ ሆኖ ይወጣል። ትንሿ ፊደል ለመጻፍ ለምኚኝ ካለች በዚህ ትጽፋለች።

ልብስ ይጠብቁ ብቻ። ከነካ ፀሐይ ላይ ስታሰጪው ይለቃል ግን በዚህ ክረምት ፀሐይ ከየት አባቷ

የሀረጎ ሹፌር

ይህን ቤት እንደው ለጨዋታ ነበር የገባሁት፣ እኔ የደሴ ኮምቦልቻ መስመር ነው የምሰራው፣ አንድ ነገር ልበል። ልጆች ሲሳፈሩ የማሳያቸው አለች። ባዶ ሀይላንድ ደሴ ላይ ክዳኑን ጥርቅም አድርገሽ ዝጊው፣ ሀረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንገባ ጎኑ ወደ ውስጥ ተጨምድዶ ታገኚዋለሽ፣ ማንም ሳይነካው። ክዳኑን ስትከፍቺው ሱፍ ብሎ አየር ይገባና ይነፋል። ሰው እኮ ጆሮዬን ደፈነኝ ይላል፣ ያው እሱ ነው። ምክንያቱን ቲቸር ይንገራችሁ እኔ መሪ ላይ ነኝ 😂

ቲቸር ከኮምቦልቻ

ወንድማችን ይመችህ፣ ይሄን ነገር ለክፍል ነው የምወስደው። ምክንያቱ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፣ በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። ከላያችን ያለው አየር ስለሚበዛ ኮምቦልቻ ላይ የአየሩ ግፊት ከደሴው ወደ 7 በመቶ ይበልጣል፣ ሀይላንዱ ውስጥ ያለው ግን የደሴ አየር ነው፣ የውጪው ይጫነዋል። ሳሳ ያለ ሀይላንድ ይሁን፣ ጠንካራው አይታይበትም።

የሆጤዋ፣ ዘመድ ጥየቃ ወደኛ ከመጣችሁ ሁለት ሀይላንድ ይያዝ፣ አንዱ የተዘጋ አንዱ ክዳን የሌለው። ክዳን የሌለው ለምን እንዳልተጨማደደ ራሱ ይናገር። ስትመለሱ ደግሞ ኮምቦልቻ ላይ ዘግቶ ይውጣ፣ ደሴ ላይ ክዳኑን ሲከፍት ወደ ውጪ ይተነፍሳል። ሞዴል ማለት ይሄ ነው፣ ሁለት ሀይላንድና አንድ ገጽ ጽሁፍ፣ አናጢ አያስፈልገውም።

አባ ፈርዳ

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል ግን እኔ አይዋጥልኝም። ልጅ በክረምት ማንበብና መጻፍ ነው ያለበት፣ ወይ ቱቶር ቅጠሩለት ወይ ቁርአን ቤት ወይ ቄስ ትምህርት ቤት ይግባ። በቆርኪና በእርድ የተማረ ልጅ ፈተና ላይ ቆርኪ ይዞ ሊገባ ነው? እኛ ሠንጠረዡን በአርጩሜ ነው የያዝነው እስከ ዛሬ አልረሳነውም

ቲቸር ከኮምቦልቻ

አባ ፈርዳ እርስዎ አልረሱትም፣ አብረዎት በአርጩሜ የተማሩት ስንቶቹ እንደረሱት ግን እኔ በየወላጅ ስብሰባው አያለሁ። ሽምደዳውን አልጠላሁም፣ መጨረሻ ላይ ሠንጠረዡ በቃል መያዝ አለበት። ቆርኪው የሚቀድመው 7 በ6 ምን እንደሆነ አይቶ እንዲይዘው ነው፣ የረሳ ቀን ራሱ ሰርቶ ይደርስበታል፣ ዝም ብሎ የሸመደደ ግን ከረሳ ረሳ ነው። ደግሞ አዲሱ ስርዓተ ትምህርት ላይ አካባቢ ሳይንስም የክወናና የእይታ ጥበባትም አለ፣ እነዛን በንባብ ብቻ እንዴት አድርገን እናስተምር?

አባ ፈርዳ

እሺ ይሁን፣ የዝናቧን መለኪያ ግን እኔም ወድጃታለሁ

ድርና ማግ

የዘገየሁ መስሎኝ ነበር ገና ሞቅ እያለ ነው። ኮምቦልቻ ነኝ፣ ሙያዬም ከክር ጋር ስለሆነ የካርቶን ሽመና ላይ ላውራ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያለበት ከተማ እየኖርን ጨርቅ እንዴት እንደሚሰራ የማያውቅ ልጅ ይበዛል፣ ከሱቅ የሚመጣ ነው የሚመስላቸው።

የደብተር ስፋት ያለው ጠንካራ ካርቶን፣ ላይና ታች ጠርዙን በ1 ሴንቲ ሜትር ልዩነት በማስመሪያ ምልክት አድርጎ በመቀስ ጥቂት ጥቂት መቁረጥ። ምልክቱን ልጁ ይለካ፣ ልኬትን የሚማረው እዛ ነው፣ ካበላሸው ክሩ ሲጠማዘዝ ራሱ ያየዋል። በተቆረጠው እያሰገቡ ክሩን ከላይ ወደ ታች መወጠር፣ ይሄ ድሩ ነው። ለማጉ ልብስ ሰፊ ጋ ሂጂና ቁርጥራጭ ጨርቅ ለምኚ፣ በጣት ስፋት ረዘም ረዘም አድርገሽ ቅደጂው። ከዛ አንዱን ክር ከላይ አንዱን ከስር፣ ሲመለስ ደግሞ በተቃራኒው። ጎዶሎና ሙሉ ቁጥር የሚባለውን በጣቱ ይይዘዋል።

ልብ በይ፣ ልጅ ሁሉ ማጉን ይጎትተዋል። ሲጎትተው ጨርቁ እየጠበበ ይሄድና መሀሉ ላይ ወገቡ ይቀጥናል፣ ያኔ ተናዶ ይጥለዋል። መላው፣ ማጉን ቀጥ አድርጎ ሳይሆን ደጋን አስመስሎ ለቀቅ አድርጎ ያስገባና ከዛ በማበጠሪያ ወይ በሹካ ወደ ታች ይጠቅጥቀው። አንቺ ግን ቀድመሽ አትንገሪው፣ አንዴ ይጥበብበትና ይጠይቅሽ። ሲያልቅ ካርቶኑን አጥፎ ማውጣት፣ የድስት ማስቀመጫ ይሆናል፣ ቤት ውስጥ ሲጠቀሙበት ሲያይ ሌላ እሰራለሁ ይላል።

የቧንቧ ውሃዋ

የጭቃውን ነገር ማንም አላነሳውም እኮ። ዱቄትና ጨው አቡኪ የሚሉ አሉ፣ ሁለት እጅ ዱቄት አንድ እጅ ጨው ምናምን፣ ዱቄት እንዲህ በተወደደበት ሰዓት ለመጫወቻ? ኧረ እኔስ አልልም! የአሮጌ ደብተር ወረቀት ብጭቅጭቅ አድርገው ውሃ ውስጥ ያሳድሩት፣ ጠዋት በእጅ አሽቶ ውሃውን ጨምቆ በትንሽ የዱቄት ሙጫ ማሸት፣ ልክ እንደ ሊጥ ይያዛል። በኛ ክረምት ለመድረቅ ግን ይቆያል፣ ቀጠን ቀጠን አድርገው ይስሩት አለበለዚያ ይሻግታል። በሱ የደሴን ካርታ ካርቶን ላይ ይስራ፣ በአንድ ወገን የጦሳን ተራራ ቆልሎ፣ በሌላው አዝዋ ገደልን፣ መሀል ላይ ከተማውን፣ የቦርከናን ወንዝ ወደ ኮምቦልቻ አውርዶ። ሲደርቅ ጦሳ ላይ ውሃ ጠብ ያድርግና የት እንደሚሄድ ያሳይ፣ ጎርፉ ለምን ወደዛ እንደሚሄድ ይገባዋል። (ከላዩ ሻማ ቀልጦ ይቀባ አለዚያ ካርታው ራሱ ይሟሟል፣ ሻማውን አንቺ ቅቢ)

ስፌትም አስቤ ነበር፣ ስንደዶው ግን በመስከረም ነው የሚለቀመው፣ ያኔ አስታውሺኝ፣ አክርማው እናቴ ጋ አለ።

የሆጤዋ እናት

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ አላህም ይስጥልኝ ኡሙ ሐያት 😍 የእርዱን ዛሬ ሰራን፣ ስልኩን የጠየቀኝ የለም፣ ትንሿ ሳሙናችንን ጨረሰችው እንጂ። ትልቁ ደግሞ "ለምንድነው ሎሚ የሚመልሰው" ብሎ ይዞኛል፣ ነገ ቲቸርን እጠይቅልሃለሁ ብዬ አስተኛሁት። የትሪው ግን ሱቅ ጠይቄ አንድ ብቻ ነው የሰጡኝ።

አንድ ጥያቄ ልድገም፣ ለ4ኛ ክፍል የሚሆን፣ ወደ መስከረም ይዞት ሊሄድ የሚችል አንድ ነገር ብቻ ምረጡልኝ ብላችሁ ምን ትላላችሁ

ፊዚክስ አስተማሪ ጡረተኛ

ልጄ፣ እኔ ጥላ ይለካ እላለሁ። ጥላ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ቱንቢ ጠብቆ ካርቶን ላይ ይተከል፣ በየሰዓቱ የጥላው ጫፍ ላይ ነጥብ ይደረግ። ጥላው ከሁሉ የሚያጥረው ስድስት ሰዓት ላይ ይመስላቸዋል፣ ደሴ ላይ ግን ስድስት ከሃያ ገደማ ነው፣ የኛ ሰዓት የሚቆጠረው ከኛ ራቅ ብሎ በምስራቅ በኩል ባለ መስመር ስለሆነ ነው። ልጅ ይህን በራሱ እንጨት ሲያገኘው ደስታው ልዩ ነው።

ሌላም አለው። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስለሆንን ፀሐይ በዓመት ሁለቴ ልክ አናታችን ላይ ትመጣለች፣ አንደኛው ሚያዝያ 11 ገደማ፣ ሁለተኛው ነሐሴ 18 ገደማ። በዚያ ቀን ስድስት ከሃያ ላይ እንጨቱ ጥላ የለውም፣ እግሩ ስር ይገባል። በሁለቱ መካከል ባሉት ወራት የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፣ በቀሪው ዓመት ወደ ሰሜን። የፈረንጅ መጽሐፍ ላይ ያለው ስዕል ጥላው ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ነው፣ ለኛ አይሰራም። ነሐሴ ደመና ነው፣ ግን ቀዳዳ አይጠፋም፣ ሁለት ሦስት ቀን ወዲህና ወዲያ ቢሆን ልዩነቱ በእንጨት አይታወቅም። መስከረም ላይ ጥላው ወደ ሰሜን ሲዘረጋ ሁለቱን ካርቶን ጎን ለጎን ይዞ ይሂድ። ፀሐይዋን በአይኑ ቀና ብሎ እንዳያይ ብቻ አደራ።

ካርቶን ብጣሽ ላይ በመርፌ ቀዳዳ አድርጎ ብርሃኑን ነጭ ወረቀት ላይ ቢጥልበት ደግሞ የፀሐይዋን ምስል ያገኛል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ሆና በታየችበት ቀን ቅጠል ስር ያለው ብርሃን ሁሉ የተቦጨቀ ነበር፣ በቅጠሎቹ መሀል ያለው ቀዳዳ ነው እንደዚያ የሳለው።

የሆጤዋ እናት

ጋሼ እግዜር ያክብርልኝ፣ የጥላውን ነው የምንሰራው። ነሐሴ 18 ካላንደር ላይ ከበብኩት። ሰዓቱ ስድስት ከሃያ የተባለው በኛ አቆጣጠር ነው አይደል?

ፊዚክስ አስተማሪ ጡረተኛ

በኛ ነው ልጄ፣ ቀን ስድስት። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ በየአምስት ደቂቃው ነጥብ ያድርግ፣ እስከ ስድስት ከአርባ።

የሀረጎ ሹፌር

የሆጤዋ ትሪ ካነሰሽ እኔ ኮምቦልቻ የማውቀው ፓስቲ ቤት አለ፣ በየቀኑ ነው የሚጥሉት፣ መናኸሪያ ጋ ላስቀምጥልሽ እችላለሁ። ስንት ልያዝ?

የሆጤዋ እናት

ሦስት ይበቃኛል ወንድሜ፣ እርጥብ ያልሆነ ብቻ

ኡሙ ሐያት

ለኔም ሦስት ያዝልኝ በአላህ 🙏